ደብረ ታቦር፦ ንጉሥ ያቃጠላት ዋና ከተማ

ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ልጆችዎ ሳያዩት አይቀሩም። ዋናው መድፍ የተሠራበትን አገርስ ያውቁታል? ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ በመኪና ከሄዱ፣ ደብረ ታቦርን ምሳ በልተው ብቻ አይለፏት።

ከተማዋን የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ ናቸው። በዘመነ መሳፍንት የየጁ ገዢዎች መቀመጫ ነበረች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ከጎንደር ይልቅ እሷን መረጡ። እዚያው አጠገቧ ጋፋት ላይ ነው የአውሮፓ ሚስዮናውያንን መድፍ ያሠሯቸው።

ለልጆች ስንተርክ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ አገሩ በዐመፅ ከእጃቸው ሲወጣ፣ ንጉሡ ዋና ከተማቸውን ራሳቸው አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ቤቱ የነደደበት ሰው ታሪክ ግን ሐውልት የለውም። እኔ ቢሆን ለልጅ ሁለቱንም እነግረዋለሁ።

7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ከፊቱ መንገድ እየተጠረገለት፣ ጋይንትን አቋርጦ በጨጨሆ አለፈ። መቅደላ እስኪደርስ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ዛሬ ነፋስ መውጫን አልፈው ጨጨሆ ሲደርሱ መኪናውን ያቁሙና ገደሉን ለልጆቹ ያሳዩአቸው፤ ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ ይገባቸዋል።

ደብረ ታቦር አመድ ሆና አልቀረችም። በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ከትመውባታል። አሁን የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚነሳ ባለጉዳይ ዛሬም ማመልከቻውን ይዞ ወደ እሷ ይሄዳል።