ልጃችሁ ጁጂትሱ ይሠራል? ስለ እግር ቁልፍ ይህን አንብቡ



«ዶክተር፣ እኔ እኮ ምንም አላመመኝም ነበር።»

ይህን ያለኝ የ19 ዓመት ወጣት ነው። ቀኝ ጉልበቱ አብጦ፣ እናቱ ደግፋው ገባ። ከአክስቱ ልጅ ጋር ሳሎን ምንጣፍ ላይ ከስልክ ያዩትን የትግል ስልት ሲሞክሩ ነበር። ያኛው ተረከዙን በክንዱ አቀፈና ጠመዘዘ። የእኔ ታካሚ ደግሞ «ሲያመኝ በቃኝ እላለሁ» ብሎ ይጠብቃል። ሕመሙ ሳይመጣ ጉልበቱ ቋ አለ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ጁጂትሱ ወይም ግራፕሊንግ የሚባለው ቡጢና እርግጫ የሌለበት፣ በአብዛኛው መሬት ላይ የሚካሄድ ትግል ነው። አንዱ ሌላውን በማነቅ ወይም መገጣጠሚያውን በመቆለፍ እጅ ያሰጠዋል። የተያዘው በእጁ መታ መታ ካደረገ (ልጆቹ «ታፕ» ይሉታል) ወዲያው ይለቀቃል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ወላጆች ልጆቻችሁን ከትምህርት በኋላ ወደዚህ ስልጠና የምትወስዱ አላችሁ። አገር ቤት ደግሞ አሰልጣኝ ሳይኖራቸው ከዩቲዩብና ከቲክቶክ የሚማሩ ልጆች አሉ። እኔን የሚያስጨንቁኝ እነዚህኞቹ ናቸው።

ስፖርቱን አልቃወምም። ልጅን ከስልክ ያስነሳል፣ ሰውነቱን ያጠነክራል፣ መሸነፍንም ያስተምራል። የእግር ቁልፍ ግን ከሌሎቹ ስልቶች የሚለይበት ነገር አለው፤ ሁላችሁም እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው። ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። መዞር ዋና ሥራው አይደለም፤ ታጥፎ ሳለ ትንሽ ብቻ ይዞራል። ከዚያ በላይ እንዳይዞር የሚይዙት በውስጡ የተሻገሩት መስቀለኛ ጅማቶችና በግራና በቀኝ ያሉት የጎን ጅማቶች ናቸው። «ሂል ሁክ» የሚባለው ቁልፍ የሚያጠቃው ይህንኑ ነው። ጭን ተይዞ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግና ተረከዝ ይጠመዘዛል። ተረከዛችሁን የያዘ ሰው የብሎን መፍቻ እጀታ እንደያዘ ቁጠሩት። በእጁ ትንሽ ቢያዞር ጉልበት ውስጥ የሚደርሰው ብዙ ነው።

ክንድ ሲቆለፍ ክርን እየተለጠጠ ሕመሙ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ሰውየው ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። ጉልበት ሲጠመዘዝ ግን መጀመሪያ የሚሰማው መወጠር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሰውነት ሞቆ፣ ልብ እየመታ ከሆነ ደግሞ እሱም ላይሰማ ይችላል። «ተወጠረ» ከሚለው እስከ «ተበጠሰ» ያለው ርቀት በጣም አጭር ነው። ስለዚህ ታፕ የሚደረገው ሲያም አይደለም፤ ተረከዝ ተይዞ ማምለጫ ሲጠፋ ነው። ብዙ ጀማሪ ደግሞ ደንግጦ ይንከባለላል። ከጠማዛዡ አቅጣጫ በተቃራኒ ከዞረ የራሱን ጉልበት ራሱ ጨርሶ ይበጥሳል።

አሁን ወደ ቆላፊው ልምጣ፤ ዋናው ሐሳቤ እዚያ ነው። ሰው ሁሉ «ውጤታማ» እና «ደኅና» የሚሉትን ተቃራኒ አድርጎ ያስባቸዋል። በእግር ቁልፍ ግን አንድ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የሚችል ሰው ተረከዝ የሚይዘው መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሞ በሁለት እግሮቹ የተጋጣሚውን ጭን አጥምዶ፣ ዳሌው እንዳይሸሽ አድርጎ፣ ጉልበቱን በጉልበቶቹ መሐል ይቆልፋል። ጭኑ ካልተያዘ መላው እግር አብሮ ስለሚዞር ቁልፉ አይሠራም። ጭኑ ከተያዘ ግን መቸኮል አያስፈልግም፤ ተጋጣሚው የትም አይሄድም፣ ቀስ ተብሎ ይዞራል፣ ታፕ ለማድረግም ጊዜ ያገኛል። (አማርኛችን ጉልበትንና ኃይልን በአንድ ቃል መጥራቱ እዚህ ላይ ያሳስታል እንጂ፣ የጉልበት ቁልፍ ጉልበት አይፈልግም።) በድንገት የሚመነጭቅ ልጅ ተጋጣሚው እንዳያመልጠው የፈራ ነው። የሚፈራውም ስላልያዘው ነው። ኒውዮርክ ላይ ያስተምር የነበረው ጆን ዳናኸር ይህን «መጀመሪያ ቁጥጥር» የሚል አሠራር በሥርዓት በማደራጀቱ ይታወቃል፤ ተማሪዎቹም በእግር ቁልፍ በዓለም መድረክ ስም አትርፈዋል።

«ታዲያ ለምን አይከለከልም?» የምትሉ አላችሁ። በአንዳንድ ቦታ ተከልክሏል። በጁዶ ውድድር የሚፈቀደው የክርን ቁልፍ ብቻ ነው። ሳምቦ የእግር ቁልፍ ቢፈቅድም መጠምዘዝን አይፈቅድም። ዓለም አቀፉ የብራዚል ጁጂትሱ ፌዴሬሽን ሂል ሁክን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን፣ እሱም ለአዋቂ ቡናማና ጥቁር ቀበቶዎች፣ ያለ ወፍራሙ ልብስ በሚደረገው ውድድር ብቻ ነው። ቀጥ ያለው የቁርጭምጭሚት ቁልፍ እንኳ በዚሁ ፌዴሬሽን ሕግ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይፈቀድም።

የዕድሜው ገደብ በሕክምናም ምክንያት አለው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ በጉልበቱ አካባቢ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ። ይህ ክፍል ከጅማት ይልቅ ደካማ ሊሆን ስለሚችል፣ አዋቂ ላይ ጅማት የሚበጥስ ኃይል ልጅ ላይ ማደጊያውን ሊጎዳ ይችላል። ያ እግር ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ልጃችሁ 16 ካልሞላው፣ ጉልበት የሚጠመዝዝ ስልት በልምምድም በጨዋታም አይሞከርበት ባይ ነኝ። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ለትልልቆቹ ግን በጭፍን መከልከሉን አልደግፍም። የተከለከለ ነገር ከስልክ ይለመዳል። የእኔ ታካሚ የተጎዳው ማንም ስለ እግር ቁልፍ ስላልነገረው ነው። መቼ ታፕ ማድረግ እንዳለበት አያውቅም፤ የአክስቱ ልጅም መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ቢማሩ ኖሮ መጀመሪያ የሚማሩት እነዚህን ሁለቱን ነበር።

ወላጆች፣ አንድ ቀን ስልጠናው ቦታ ሄዳችሁ ዳር ላይ ተቀመጡ። ቀበቶና ዋንጫ አትቁጠሩ። አንድ ልጅ ታፕ ሲያደርግ ሌላው ስንት ጊዜ ወስዶ እንደሚለቅ ተመልከቱ። ቶሎ ታፕ ያደረገ ልጅ ይሳቅበታል ወይ? አዲስ ገቢውን ከማን ጋር ያጋጥሙታል? አሰልጣኙን «ሂል ሁክ ለማን ነው የምታስተምረው?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄው የሚያናድደው ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ጉዳት ከደረሰ ልምምዱ እዚያው ይቁም። «ወለም ብሎት ነው» ብላችሁ ወደ ወጌሻ አትሩጡ። ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም፤ ግን የተበጠሰ ጅማት በመታሸት አይገጥምም፣ ያበጠ ጉልበት ሲታሽ ደግሞ ይብስበታል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት፣ እግሩን ከፍ አድርጉት፣ እንዲራመድበት አታስገድዱት። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጉልበት ካበጠ ውስጡ ደም መፍሰሱን ሊያመለክት ስለሚችል ሐኪም ይየው። ራጅ ጅማት አያሳይም፤ «ራጁ ደህና ነው» ተብላችሁ ጉልበቱ እየከዳው ከሆነ ተመለሱ። እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም መዳፉን ወደ ላይ ማንሳት ካቃተው ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ከጉልበት ጀርባ የሚያልፈው ደም ስር ተጎድቶ ከሆነ እግሩን ለማትረፍ ያለው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው።

የኔው ወጣት የፊተኛው መስቀለኛ ጅማቱ ተበጥሶ ነበር። ቀዶ ጥገና ተደረገለት። አሁን ሰባተኛ ወሩ ነው፤ ፊዚዮቴራፒውን ሳያቋርጥ ይሠራል። ባለፈው ቀጠሮው «መቼ ልመለስ?» አለኝ። ከዘጠኝ ወር በፊት እንደማይሆን ነገርኩትና፣ በሚቀጥለው ስትመጣ የአክስትህን ልጅ ይዘኸው ና አልኩት። መጣ። ልጁ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ጉልበት አንስቼ ሰጠሁትና «ቀስ ብለህ አዙረው፣ የት ላይ እንደሚያቆም ንገረኝ» አልኩት።