«ባለበት ሁኔታ» የሚሸጠው የገንዳ ዕቃ

በየጋዜጣው የሚወጡትን የጨረታ ማስታወቂያዎች የሚከታተል አንባቢ «ዕቃው ባለበት ሁኔታ ይሸጣል» የምትለውን ሐረግ አያጣትም። ሻጭን ከጣጣ ነፃ የምታደርግ ሐረግ ናት። ለአሮጌ ወንበርና ለምንጣፍ ምንም ክፋት የላትም። ሆቴሎች የመዋኛ ገንዳቸውን፣ ስቲምና ጃኩዚያቸውን ሲያድሱ አሮጌውን ዕቃ ሁሉ በዚህችው ሐረግ መሸጥ ግን ሊታሰብበት ይገባል።

ከገንዳ የሚወጣው ዕቃ የውሃ ፓምፕ፣ የአሸዋ ማጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በመጨረሻም የክሎሪን በርሜልና የአሲድ ጀሪካን ነው። ብረቱ ብዙም አያሳስብም። ከሰፈር ቆራሌው እስከ መርካቶ ምናለሽ ተራ የተዘረጋው ገበያ የሞተሩን መዳብና የፓምፑን ብረት ለቅሞ ሥራ ላይ ያውለዋል። ለዚህ ሙያው ምስጋና ይገባዋል። መዳብ ለማውጣት ሽቦ ማቃጠሉ ግን ይቅር፤ ጭሱ መርዝ ነው፤ በስለት መላጥ ይሻላል።

ዋናው ስጋት ሚዛን ላይ የማይወጣው ኬሚካል ነው። የክሎሪን ዱቄት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ዓይነታቸው የተለያየ የክሎሪን ዱቄቶች እንኳ ሲደባለቁ እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ። እነዚህን በአንድ መኪና ደራርቦ የሚጭነው ወዛደር ይህን ከማን ይስማ? ቆሻሻ ላይ መጣሉም መፍትሔ አይደለም። ቆሻሻ መጣያው ሥር ሰው እንደሚኖር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ባጣን ጊዜ አይተናል።

ከሁሉ የሚከፋው የባዶው ጀሪካን ነገር ነው። ባዶ ጀሪካን በአገራችን ቆሻሻ ሳይሆን እንስራን የተካ ሸቀጥ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ የትም ይደርሳል። መሐል ሜዳ ገበያ ወጥታ ለምንጭ ውሃ መቅጃ ጀሪካን የምትገዛ የመንዝ እናት፣ ዕቃው ትናንት አሲድ ይዞ ቢሆን በምን ታውቃለች? ማስጠንቀቂያው የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ እሱም ቢሆን ተልጦ ያልቃል። ገዢ መርምሮ ይግዛ ማለት የሚያምረው ገዢ የሚገዛውን ማወቅ ሲችል ነው።

ለሻጩ ወጪው ቀላል ነው። የተረፈው ኬሚካል ገንዳው ከመፍረሱ በፊት ተሠርቶበት ይለቅ፤ ካልሆነም እንደታሸገ ገንዳ ላለው ሌላ ድርጅት ይተላለፍ። ክሎሪኑና አሲዱ ለየብቻ ይቀመጡ፣ ለየብቻ ይጫኑ። ባዶው ጀሪካን ታጥቦና ተበስቶ ለፕላስቲክ ፈጪ ብቻ ይሸጥ። የተበሳ ጀሪካን ዋጋው ይወርዳል፤ ይውረድ! ሆቴሉ በዚህ አይከስርም።

አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቶልናል። ተቆጣጣሪ በር እስኪያንኳኳ ግን መጠበቅ አያሻም። የጨረታ ማስታወቂያ የሚያረቅቅ የንብረት ክፍል ኃላፊ «ባለበት ሁኔታ» ከማለቱ በፊት «ኬሚካሉ ተለይቶ፣ ጀሪካኑ ተበስቶ» የሚል አንድ መስመር ይጨምር። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።