የአዳራሽ አሳላፊና የደጅ በረኛ
ስለ ስዊችና ስለ ራውተር



በዘመናችን በብዙ ቤት ኮምፒዩተር፥ የእጅ ስልክና ቴሌቪዥን በአንድ መሥመር ተገናኝተው ይሠራሉ። የሚያገናኟቸው ትንንሽ ሣጥኖች ግን ምን እንደሚሠሩ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ስዊች የሚበቃው ሰው ሁለተኛ ራውተር እየገዛ፥ ራውተር የሚያሻውም ስዊች እየገዛ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የቤቱ ደጅ የትኛው እንደ ሆነ ሳያውቅ፥ ደጁን ክፍት ትቶ ማደሩ ነው።

ስዊች በአንድ ቤት ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው ያገናኛል። በግብዣ አዳራሽ የሚያገለግለውን አሳላፊ ይመስላል፤ አሳላፊ ማን በየትኛው ወንበር እንደ ተቀመጠ ለይቶ ያውቃልና የታዘዘውን ለታዘዘለት ብቻ ያቀርባል። በዚህ መሥመር የሚነጋገር መሣሪያ ሁሉ ማክ አድራሻ የሚባል የ48 ቢት መለያ ቁጥር አለው። ስዊች መልእክት ሲደርሰው የላኪውን ቁጥርና የመጣበትን ቀዳዳ በሠንጠረዡ ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ ለዚያ መሣሪያ የሚላከውን በዚያው ቀዳዳ ያደርሳል። ተቀባዩን ገና ያልመዘገበው እንደ ሆነ ግን መልእክቱን፥ ከመጣበት በቀር፥ ወደ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ይልካል፤ ባለቤቱም ሲመልስ ስፍራውን ይለያል።

ይሁን እንጂ አሳላፊው ከአዳራሹ ውጭ ያለውን መንገድ አያውቅም። ወደ ሩቅ አገር የሚሄደውን መልእክት የሚቀበለው በረኛው፥ ማለት ራውተር ነው። የራውተር ሥራ አንዱን መረብ ከሌላው መረብ ጋር ማገናኘት ሲሆን፥ የሚመለከተውም ማክ አድራሻን ሳይሆን አይፒ አድራሻን ነው። አንዲት እናት ከአዲስ አበባ በዋሽንግተን ለሚኖር ልጇ ፎቶግራፍ ብትልክ፥ ፎቶግራፉ ፓኬት በሚባሉ ቁርጥራጮች ተከፍሎ ይጓዛል። በመንገድ ያለው እያንዳንዱ ራውተር የመድረሻውን አድራሻ አይቶ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። መንገዱን ሁሉ ማወቅ አያስፈልገውም፤ የሚቀጥለውን ጣቢያ ማወቅ ይበቃዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 29 ቀን 1969 በሎስ አንጀለስ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የተላከው የመጀመሪያው የአርፓኔት መልእክት ያለፈው፥ የራውተር ቅድመ አያት በሆኑት ኢምፕ በተባሉ መሣሪያዎች ነበር።

በረኛው ሌላም አገልግሎት አለው። እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት የ32 ቢት አይፒ አድራሻ ብዛቱ ከ4.3 ቢሊዮን ስለማይበልጥ ለዓለም መሣሪያዎች ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ የቤት ራውተር ለውስጥ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምር የግል አድራሻ እያደለ፥ በውጭ ግን ሁሉም በአንድ አድራሻ እንዲታዩ ያደርጋል።

አሁን በቤታችሁ ያለውን ሣጥን ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ራውተር፥ ስዊችና ዋይፋይ በአንድነት የተሠሩበት ነው። በጀርባው ለብቻው የተለየው፥ ዋን የሚል ምልክት ያለበት ቀዳዳ ወደ ውጭ የሚወስደው ነው፤ ላን የሚባሉት ቀዳዳዎች ግን የስዊቹ ናቸው። እነዚህ ቢያንሱ አንድ ስዊች ገዝቶ በአንድ ሽቦ ከራውተሩ ጋር ማያያዝ ይበቃል፤ የሽቦውም ርዝመት ከ100 ሜትር አይለፍ። ሁለተኛ ራውተር እንዲሁ ቢጨመር ግን በቤት ውስጥ ሌላ ቤት እንደ መሥራት ነው፤ በአንዱ ያለ ኮምፒዩተር በሌላው ያለውን ማተሚያ ሊያጣው ይችላል።

እንግዲህ የቤት ጥበቃ ሁሉ የሚጀምረው ከበረኛው ዘንድ ነው። ከፋብሪካ የመጣው የራውተሩ የይለፍ ቃል በብዙ ሰው ሊታወቅ ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይለወጥ፤ ፋብሪካው የሚያወጣው ማደሻም በየጊዜው ይጫንበት። ልጆች እስከ ስንት ሰዓት ኢንተርኔት እንዲመለከቱ መወሰን የሚሻ ወላጅም ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያዝዘው በራውተሩ ላይ ነው። አሳላፊውን ስለ ደጅ ጥበቃ መጠየቅ አይገባም፤ በረኛውን ግን ሳያዝዙ መተው አደጋ አለው።