የጎማ አየር ጠቋሚና የነጋዴው ኃላፊነት

ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ፈረስ ገዢ ዋጋውን ከመክፈሉ በፊት ሰኮናውን አንሥቶ ማየት ይገባው ነበር። ዛሬ በአደባባዩ ፈረስ በአውቶሞቢል ስለ ተተካ፣ በሰኮናው ፈንታ መታየት ያለበት ጎማው ነው።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚነዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ አስመጪዎች ከቻይና የኤሌክትሪክ መኪና በብዛት ያስመጣሉ። ቻይናም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎማ አየር ጠቋሚ በአዲስ የቤት አውቶሞቢል ሁሉ ላይ እንዲኖር አስገድዳለች። ይሁን እንጂ ከመኪናው ጋር የሚመጣው የአጠቃቀም መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በቻይንኛ የተጻፈ ነው።

ጠቋሚው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በየጎማው ውስጥ ከቫልቮላው ጋር ተያይዞ ግፊቱን ይለካና በራዲዮ ያስተላልፋል፤ ባትሪውም ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ጎማው በልኩ ሲነፋ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ በራሱ ይጠፋል። ሁለተኛው ግን ግፊቱን አይለካም። አየር የጎደለው ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚዞር፣ ይህን ልዩነት ከፍሬኑ የዙር መቍጠሪያ ተረድቶ ያስጠነቅቃል።

በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ላይ የሚገኘው ቁልፍ «አሁን ያለው አየር ልክ ነው» ብሎ ለመሣሪያው የሚያስታውቅ ነው። ስለዚህ ጎማውን ሳይነፋ መብራቱን ለማጥፋት ብቻ ቁልፉን የሚጫን ነጂ፣ በጎደለ ሚዛን ላይ ማኅተም እንደሚያስመታ ነጋዴ ይቈጠራል። እንዲህ ያለው ሰው በባትሪ የከበደ መኪና ይዞ የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ፣ አየር የጎደለው ጎማ እየተጣጠፈ ይግላል፤ ሊፈነዳም ይችላል።

ትክክለኛው ሥርዓት ይህ ነው። ማለዳ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ በነጂው በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ቁጥር መጠን ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉ ይጫናል፤ ቀጥሎም መኪናው ጥቂት ደቂቃ ይነዳል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ግፊቱ 2 ፒኤስአይ ያህል ስለሚወርድ፣ በድሬዳዋ ቀትር የተነፋ ጎማ በሐረር ማለዳ ጎድሎ ቢገኝ አያስደንቅም።

አንዳንዶች ጎማ በእግር ሲረገጥ ይታወቃል ይላሉ። ነገር ግን የዛሬ ጎማ ጎኑ ጠንካራ ስለ ሆነ ብዙ አየር ጎድሎት እንኳ የሞላ ይመስላል። የአሜሪካ ሕግም መብራቱ እንዲበራ የሚያዝዘው ግፊቱ ከልኩ በ25 በመቶ ሲጎድል ስለ ሆነ፣ መብራቱን መጠበቅ ብቻውን አይበቃም።

እንግዲህ አስመጪው ለእያንዳንዱ ገዢ ይህን ሥርዓት የሚገልጽ አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ሊሰጥ ይገባዋል። መለዋወጫ ሻጩም ሞገዱን ሳይመረምር ጠቋሚ ከማዘዝ ይቈጠብ፤ የአሜሪካው ብዙ ጊዜ 315፣ የአውሮፓውና የቻይናው ደግሞ ብዙ ጊዜ 433 ሜጋኸርዝ ስለ ሆነ፣ አንዱ በሌላው ፈንታ አያገለግልም። የአንድ ገጽ ወጪ ከአንድ ጎማ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው፤ ከሰው ሕይወት ጋር ግን ከቶ አይወዳደርም።