አሮጌ ምክር ለአዲስ ባትሪ

የላፕቶፕ ባትሪ አያያዝን በተመለከተ በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ሳይመረመር የሚተላለፍ አንድ ምክር አለ፤ እርሱም ባትሪው ጨርሶ ተሟጥጦ ኮምፒውተሩ ራሱን እስኪያጠፋ ድረስ ቻርጀር አይሰካበትም፣ አዲስ የተገዛ እንደሆነም ለመጀመሪያ ጊዜ ለብዙ ሰዓታት ሳይነቀል መሞላት አለበት የሚል ነው። ምክሩ ከሜዳ የተፈጠረ አይደለም፤ በአንድ ወቅት ለአንድ ዓይነት ባትሪ የሚሠራ እውነት ነበር። ጥፋቱ የሚመጣው ያ ባትሪ ከላፕቶፕ ውስጥ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፣ ምክሩ ግን ዛሬም ከሻጭ ወደ ገዢ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ እየተላለፈ ፈጽሞ ላልታሰበለት ባትሪ መመሪያ በመሆኑ ነው።

ምክሩ የተወለደው በኒኬል-ካድሚየም ባትሪ ዘመን ነው። ይህ ባትሪ በየጊዜው በከፊል ብቻ እየተሠራበት መልሶ ሲሞላ፣ ያንን ከፊል መጠን እንደ ሙሉ አቅሙ የመቁጠር ጠባይ ይታይበት ስለነበር፣ ይህንን «ትውስታ» ለማጥፋት አልፎ አልፎ እስከ መጨረሻው ማሟጠጥ ይመከር ነበር። የዛሬው ላፕቶፕ የሚሠራበት ሊቲየም-አዮን ግን ሌላ ታሪክና ሌላ ባሕርይ አለው። ስታንሊ ዊቲንግሃም በ1970ዎቹ በሊቲየም የሚሠራና ተመልሶ የሚሞላ ባትሪ ሠርቶ አሳየ፤ ጆን ጉዲናፍ እ.ኤ.አ. በ1980 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ኮባልት ኦክሳይድን በመጠቀም የባትሪውን ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግበትን መንገድ አገኘ፤ ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ በ1985 አደገኛውን ንጹሕ የሊቲየም ብረት በካርቦን ተካው፤ ሶኒ ደግሞ በ1991 ለገበያ አቀረበው። ሦስቱ ተመራማሪዎች በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ሲጋሩ ጉዲናፍ የ97 ዓመት አዛውንት ስለነበሩ፣ ሽልማቱን ከተቀበሉት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ሆነዋል። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሰጡለት ግኝት እርሱን በማይመለከት ልማድ ያለ ጊዜው ሲያረጅ ማየት የሚያስቆጭ ነው።

የባትሪውን አሠራር ለተረዳ ሰው ምክሩ ለምን እንደማያገለግል ወዲያው ይገለጽለታል። ባትሪው ሴል ከሚባሉ ጥቂት ክፍሎች የተገነባ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ሁለት ዋልታዎች ይገኛሉ፤ አንደኛው እንደ ኮባልትና ኒኬል ካሉ ብረቶች ኦክሳይድ፣ ሁለተኛው በጽሕፈት እርሳስ ውስጥ ከሚገኘው ከግራፋይት የተሠራ ነው። ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል የያዙ የሊቲየም አተሞች፣ ከኦክሳይዱ ወጥተው ኤሌክትሮላይት የተባለውን ፈሳሽ በማቋረጥ በግራፋይቱ ንጣፎች መካከል ይሰገሰጋሉ፤ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ደግሞ በመጡበት መንገድ ይመለሳሉ። ባትሪው ገና ከፋብሪካ ሳይወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ በግራፋይቱ ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ሽፋኑ ፈሳሹ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ በመሆኑ የግድ ያስፈልጋል፣ ይሁን እንጂ እድገቱ ፈጽሞ አይቆምም፣ በወፈረ ቁጥርም ከሚመላለሰው ሊቲየም ጥቂት ጥቂቱን ይዞ ያስቀራል። ባለቤቱ «ባትሪው ደከመ» የሚለው በአብዛኛው ይህንን ቀስ እያለ የሚሄድ መጥፋት ነው።

ይህንን መጥፋት ከሚያፋጥኑት ነገሮች ዋነኞቹ ሙላትና ሙቀት ናቸው። መለኪያው 100 በመቶ ሲያሳይ እያንዳንዱ ሴል በአብዛኛው 4.2 ቮልት ገደማ ደርሷል፤ በዚህ ከፍታ ላይ ለረጅም ጊዜ በቆየ መጠን ኤሌክትሮላይቱ ከኦክሳይዱ ዋልታ ጋር እየተዋሃደ ይበላሻል። ባትሪው ከተሞላ በኋላ ቻርጀሩ ሳይነቀል መቆየቱ ከልክ በላይ ያስሞላዋል የሚለው ስጋት ግን መሠረት የለውም፤ በባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሙላቱን ያቋርጠውና ኮምፒውተሩ በቀጥታ ከቻርጀሩ በሚመጣው ኃይል መሥራቱን ይቀጥላል። የሚጎዳው የኃይሉ መትረፍረፍ ሳይሆን በከፍተኛው ቮልቴጅ ላይ ቆሞ መዋሉ ነው። ጨርሶ ባዶ መሆንም የራሱ ጣጣ አለው፤ ባዶውን ባትሪ ለወራት የተዉት እንደሆነ ቮልቴጁ ከመጠን በላይ ወርዶ በውስጡ ያለው የመዳብ ቅጠል መሟሟት ይጀምራል፣ መቆጣጠሪያውም ለደኅንነት ሲባል ባትሪውን ዳግመኛ እንዳይሞላ ሊዘጋው ይችላል። እስኪሟጠጥ መጠበቅን እንደ ጥንቃቄ የሚያየው ልማድ ሰውን የሚገፋው ወደዚሁ ጫፍ ነው።

ሙቀት ከሙላት ጋር ሲገናኝ ጉዳቱ ይበረታል። በባትሪ ባለሙያዎች ዘንድ በስፋት በሚሠራበት ግምት መሠረት፣ ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ዓመት ቢቀመጥ ከአቅሙ 20 በመቶ ያህሉን ሲያጣ፣ በ40 ዲግሪ ከተቀመጠ ግን 35 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ 40 በመቶ ብቻ ተሞልቶ በ25 ዲግሪ የተቀመጠው የሚያጣው 4 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ብርድ ውስጥ የሚሠራ ላፕቶፕና በሰመራ፣ በጋምቤላ ወይም በድሬዳዋ የሚሠራ ተመሳሳይ ላፕቶፕ እኩል አያረጁም። ሆኖም ደጋ ላይ ያለም ሰው ሙቀትን በራሱ እጅ ሊፈጥር ይችላል፤ ላፕቶፑ አልጋ ላይ ከጋቢ በላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ያለው አየር ማስገቢያ ይደፈናል፣ ፋኑ እየጮኸ ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል፣ ከመዳፍ ማሳረፊያው ሥር ያለው ባትሪም ከፕሮሰሰሩ የሚመጣውን ግለት ሁሉ ይቀበላል። በእነዚህ ሰዓታት ቻርጀሩም ተሰክቶ ከሆነ ሁለቱ ጠላቶች በአንድ ቦታ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

የብዙ ላፕቶፕ አምራቾች ምላሽ ሙላቱን በ80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ ከማሽኑ ጋር ማቅረብ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ከሶኬት ለማይለይ ኮምፒውተር ከዚህ የተሻለ መላ የለም። ነገር ግን ይህ ምርጫ የተዘጋጀው ሶኬቱ ሁልጊዜ ኃይል ይኖረዋል ከሚል እሳቤ በመነሣት እንደሆነ ማስተዋል ይገባል፤ መብራት ሲሻው በሚሄድበትና ሲሻው በሚመጣበት ሰፈር የላፕቶፕ ባትሪ ተንቀሳቃሽነትን ብቻ ሳይሆን የመጠባበቂያ ጄኔሬተርን ሥራ ጭምር ይሠራል። የመመረቂያ ጽሑፏን ነገ ጠዋት የምታስረክብ ተማሪ ለባትሪው ዕድሜ ብላ 20 በመቶውን ሳትሞላ ብትቀርና በምሽቱ መብራት ቢጠፋ፣ ያተረፈችው ከጥቂት ወራት በኋላ የሚገኝ ጥቅም፣ ያጣችው ግን የዚያች ሌሊት ሥራ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው አያያዝ ገደቡን በአዘቦት ቀን አብርቶ መተው፣ መብራት እንደሚቋረጥ ሲነገር ወይም የማይታጠፍ ሥራ ሲኖር ደግሞ ያለ ስስት እስከ 100 መሙላት ነው። ባትሪ የሚጠበቀው ሊሠራበት እንጂ ሊቆጠብ ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጥንቁቅ ሰዎች ይህንን ይስቱታል።

የባትሪው ጤና በግምት ሳይሆን በቁጥር ሊታወቅ ይችላል። ዊንዶውስ በኮማንድ ፕሮምፕት ላይ በሚጻፍ አጭር ትእዛዝ የባትሪ ሪፖርት የሚባል ሰነድ ያዘጋጃል፤ በውስጡም ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ፣ አንዱ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም፣ ሌላው ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው አቅም ነው። መለኪያው ዋት-ሰዓት ይባላል፤ አንድ ዋት የሚፈጅ ዕቃ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጨርሰው ኃይል ማለት ነው። ሪፖርቱ ባትሪው ሲመረት 50 የነበረው አቅም ዛሬ 30 ሆኗል ካለ፣ 10 ዋት የሚፈጅ ላፕቶፕ ድሮ 5 ሰዓት የቆየበትን ባትሪ አሁን በ3 ሰዓት ይጨርሰዋል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ሜሞሪው የሚጠይቀውን ያህል ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህንን ሪፖርት ማየት ይገባዋል፤ ሻጩ «ባትሪው አሪፍ ነው» ማለቱ ማስረጃ አይሆንም። ሌላው መለኪያ ሳይክል ሲሆን፣ በአንድ ቀን 50 በመቶ፣ በሌላው ቀን 50 በመቶ መጠቀም ተደምሮ አንድ ሳይክል ይሆናል እንጂ ቻርጀሩ በተሰካ ቁጥር አይቆጠርም። ስለሆነም ደጋግሞ ትንሽ ትንሽ መሙላት ባትሪውን ይጎዳል የሚለው ፍርሃት ከአሮጌው ምክር ጋር አብሮ ሊቀር ይገባል።

መብራት በሌለበት ሰዓት የተገኘውን ማብቃቃት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በቀላል ሥራ ጊዜ ከፍተኛውን ድርሻ ከሚወስዱት አንዱ የስክሪኑ ብርሃን ስለሆነ እርሱን መቀነስ ከሁሉ ይቀድማል፤ ጥቁር ገጽታ መምረጥ ግን ጉልህ ጥቅም የሚሰጠው ኦሌድ በሚባለው ስክሪን ላይ ነው፣ ምክንያቱም በተለመደው ስክሪን ከኋላ ያለው መብራት ገጹ ጠቆረም ነጣ እኩል ይበራል። ኃይል ቆጣቢ የሚባለው ምርጫ የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና ቮልቴጅ አብሮ ዝቅ ያደርጋል፤ የፕሮሰሰር ፍጆታ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ከቮልቴጁ ላይ የሚቀነሰው ትንሽ መጠን ከሚጠበቀው በላይ ያተርፋል። ለሰዓታት የማይነካ ላፕቶፕ ክዳኑን ዘግቶ ከመተው ሃይበርኔት ቢደረግ ይሻላል፤ የተከፈተው ሥራ ሁሉ ወደ ዲስክ ተገልብጦ ማሽኑ ስለሚጠፋ ባትሪው ያለ ሥራ አይፈስም።

በመጨረሻ ጥንቃቄው ከቁጠባ ወደ ደኅንነት የሚሸጋገርበት ጊዜ አለ። የመዳሰሻ ሰሌዳው ወደ ላይ መነሣት፣ የቁልፎቹ ረድፍ መጉበጥ ወይም ክዳኑ አልገጥም ማለቱ በውስጡ ጋዝ የፈጠረ ባትሪ ማበጡን ያመለክታል፤ ጋዙ ተቀጣጣይ በመሆኑ እየተጫኑ ለመመለስ መሞከርም ሆነ በመርፌ መብሳት ቤት ሊያቃጥል ይችላል። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ወዲያው ተጠፍቶ፣ ከቻርጀሩ ተነቅሎ፣ ወደ ባለሙያ እስኪወሰድ ድረስ ከአልጋ፣ ከጋቢና ከምንጣፍ ርቆ ባዶ ሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ የወጣው ባትሪም ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም።