በድሬዳዋ ውሃ የሚፈራውና የሚጎዳው ለየቅል ነው

በድሬዳዋ ከተማ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከከዚራ እስከ መጋላ የቧንቧ ውሃ የሚያፈላ ቤት ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ማንቆርቆሪያው ከውስጥ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፤ የሻወሩ ቀዳዳ ይደፈናል፤ ሳሙናው አረፋ በማውጣት ፈንታ በሳፋው ጠርዝ ላይ ይጋገራል። ሕዝቡም «ውሃችን ጨው አለው» ይላል። ከዚህም አልፎ «ኩላሊታችንን የጨረሰው ይኸው ውሃ ነው» የሚል ወሬ ከቤት ቤት ይዞራል። እኛ ከዚያው ከተማ የመጣን ዕጩ መምህራን በጉዳዩ ላይ ያለንን አስተያየት ለአንባቢያን ለማቅረብ ወደድን። ባጭሩ ሕዝቡ የሚፈራው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ ነው እንላለን።

በመጀመሪያ ነጩ ነገር የወጥ ጨው አይደለም። የከተማው ውሃ በብዛት የሚቀዳው ሳቢያን ከሚገኙት ጥልቅ ጉድጓዶች ሲሆን በአካባቢው የኖራ ድንጋይ ሞልቷል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚያ የተተከለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሲሚንቶ የሚሠራው ከዚሁ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውሃ ወደ መሬት ሲሰርግ ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና ድንጋዩን እያሟሟ ካልሲየምና ማግኒዚየም ተሸክሞ ይወርዳል። በሳይንስ ትምህርት ጠንካራ ውሃ የምንለው ይህንን ነው። ውሃው ሲፈላ ጋዙ ያመልጣል፤ የሟሟውም ድንጋይ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ከማንቆርቆሪያው የምንፍቀው እንግዲህ ያንኑ ድንጋይ ነው።

ታዲያ ኩላሊትስ? የዓለም የጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ጉዳት ላይ የተመሠረተ ገደብ አላወጣም። ካልሲየምም ሆነ ማግኒዚየም ለሰውነት የሚያስፈልጉ ናቸው። ለኩላሊት ጠጠር ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱና ዋናው ውሃ በበቂ አለመጠጣት ነው። በድሬ ሙቀት ሰው በላብ ብዙ ውሃ ያጣል፤ ያንን ካልተካ ሽንቱ ይወፍራል፤ ጠጠርም የሚጀምረው በዚያ ነው። እንግዲህ ውሃውን ፈርቶ መጠጣት የሚቀንስ ሰው የሸሸውን በሽታ ራሱ እየጠራው ነው ማለት ነው። ጠጠር የያዘው ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ እንጂ የጎረቤት ወሬ አይከተል።

እውነተኛው ጉዳት ያለው በኪስ ላይ ነው። ሳሙና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ አተላ ይሆናል፤ ካልሲየሙ ካላለቀ አረፋ አይወጣም። በሊትር ከ180 ሚሊግራም በላይ ያለበት ውሃ በጣም ጠንካራ ይባላል። እስቲ 300 ሚሊግራም ያለበትን እንውሰድና እናስላ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 6 ግራም ድንጋይ ይዟል ማለት ነው፤ ይህም አንድ ልብስ ሳይነጻ 36 ግራም ያህል ሳሙና ይበላል። ስድስት ጀሪካን ሲሆን ከ200 ግራም በላይ ሳሙና ለአተላ ሄደ ማለት ነው! ልብስ አጥበው ለሚያድሩ እናቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በከሰሉም በኩል ያው ነው፤ ቅርፊቱ ሙቀት አያሳልፍምና በወፈረ ቁጥር ሻይዋን ለማፍላት የሚነደው ከሰል ይጨምራል።

ሌላም የሚያሳስበን አለ። ብዙ ሰው «ነጭ ካላወጣ ንጹሕ ነው» ብሎ ያምናል። ይህ ስሕተት ነው። ተቅማጥ የሚያመጣው ተሕዋስ ቅርፊት አይሠራም፤ በዓይንም አይታይም። በከተማው ውስጥ ባሉ አንዳንድ ጉድጓዶች ከመጸዳጃ ቤት የሚሰርግ ናይትሬት በርከት ብሎ መገኘቱም በጥናት ታውቋል፤ እሱ ደግሞ በማፍላት እንኳ አይወገድም። ስለዚህ ነጩን ጠልቶ ምንጩ ያልታወቀ ውሃ ከጋሪ መግዛት ከድንጡ ወደ ማጡ ነው። ነጩን ላለማየት ብሎ ማፍላት መተውም እንደዚሁ።

ምን ይደረግ? ቤት ውስጥ ማንቆርቆሪያውን በሎሚ ጭማቂ ወይም በአቼቶ ሞልቶ ማሳደር ቅርፊቱን ያሟሟዋል። ዝናብ ሲዘንብ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ለልብስ ማጠራቀም ሳሙና ያድናል፤ የዝናብ ውሃ ድንጋይ አልነካምና። ፈልቶ የተረፈውን ውሃ አሳርፎ የላይኛውን ለእጥበት ማዋልም ይቻላል። ኦሞ ከሳሙና ይልቅ ጠንካራ ውሃን ይችላል።

የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደግሞ የውሃውን የምርመራ ውጤት በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ሕዝብ በሚገባው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ቢለጥፍ ወሬው ባልበዛ ነበር። ሰው ያልተነገረውን በግምት ይሞላልና።

የኛስ ድርሻ? ነገ ክፍል ስንገባ ለዚህ ትምህርት ላቦራቶሪ የለም ብለን እጃችንን አናጣጥፍ። ሁለት ጠርሙስ፣ አንዱ የዝናብ አንዱ የቧንቧ ውሃ፣ ከእያንዳንዱም ጥቂት የሳሙና ፍርፋሪ ይበቃል። ልጆቹ ራሳቸው ይነቅንቁት፣ አረፋውንም ራሳቸው ያወዳድሩት። ያየ ልጅ ማታ ለእናቱ ይነግራል፤ እናቱም ውሃውን ሳትፈራ ትጠጣለች፣ ሳሙናዋንም ትቆጥባለች።