ሰዓቱ ለማን ይገባል?

አባት ሲሞት ቤቱ ይሸጣል፣ ከብቱ ይካፈላል፤ ከአያት የመጣው የእጅ ሰዓት ግን ለድርድር አይቀርብም። «ለታላቁ ወንድ ልጅ ነው!» ይባላል፤ አለቀ። ለምን? ስንል «ወግ ነዋ!» እንባላለን። የማን ወግ? ከመቼ ወዲህ?

እስቲ ታሪኩን እንመርምር። የናፖሊዮን እህት፣ የኔፕልስ ንግሥት ካሮሊን ሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ1810 ፓሪስ ለነበረው ሰዓት ሠሪ ለብሬጌ የእጅ ሰዓት አዘዘች፤ በ1812 አለቀላት። ከሚታወቁት የእጅ ሰዓቶች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል የአውሮፓ ወንድ ሰዓቱን በኪሱ ይዞ ሲዞር፣ እጅ ላይ ማሰርን «የሴት ጌጥ» እያለ ይንቅ ነበር። ከ1914 እስከ 1918 በተካሄደው ጦርነት፣ ምሽግ ውስጥ ኪስ መበርበር ሲያስቸግረው ነው የወንዱ እጅ ሰዓትን የለመደው። ይኸውላችሁ፣ ተበዳሪው ባለርስት ሆኖ ቁጭ አለ!

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 837 የወራሽ ጾታ በውርስ መብቱ ላይ ለውጥ አያመጣም ይላል፤ ቁጥር 842 ደግሞ ልጆችን እኩል ያካፍላል። «ሰዓት እንዴት ይቆረሳል?» የሚሉን አሉ። አይቆረስም። ግን የማይቆረስ ሁሉ የወንድ ነው ያለው ማነው?

«የአባት ስም የሚያስጠራው ወንድ ነው» ይሉናል። በየትኛው አገር? እዚህ አገር ሴት ልጅ ብታገባም ብትወልድም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፣ ይዛም ትቀበራለች።

አንዲት የክፍል ጓደኛችን አለች። አባቷ ታመው ጣታቸው አልታዘዝ ሲላቸው፣ ሰዓታቸውን ማታ ማታ የምትሞላላቸው እሷ ነበረች። አርባቸው በወጣ ማግስት ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሰዓቱ ለወንድሟ ተሰጠ። እሱ ጊዜ የሚያየው ከስልኩ ላይ ነው። የአባት ሰዓት ቁም ሣጥን ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በእጅ የሚሞላ ሰዓት ሁለት ቀን ከተረሳ ይቆማል፤ ዘር ቆጥሮ አይሠራም፣ ጢም አይቶ አይንቀሳቀስም።

የምንለው አጭር ነው። ሰዓቱ ለሚሞላው ይሁን። የሚሞሉት ሁለት ከሆኑ በየዓመቱ ይፈራረቁበት። እህቶቻችን፣ ሽማግሌ ፊት አንገት አትድፉ፤ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ወንድሞቻችን፣ እናንተም እጃችሁ ላይ ያሰራችሁትን አንዴ ተመልከቱና ጠይቁ፦ እስከ ዛሬ ማን ሲሞላው ኖረ?